ከትኬቱ በኋላ ያለው ወጪ፦ ናይሮቢ ባለው ሐበሻ ዘንድ ስለ ቤተሰብ ሽርሽር የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ናይሮቢ የሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ ስለ ዕረፍት ጉዞ ሲያወራ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ትኬቱ ስንት ነው?» የሚል ነው። ሁርሊንግሃምም ሆነ ኢስሊ፣ ከቅዳሴ መልስም ሆነ ቡና ተፈልቶ፣ ስለ ሞምባሳው ባቡርና ስለ ዲያኒ ሆቴሎች ብዙ ይወራል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከዱባይና ከደርባን ስለሚነሱት የሽርሽር መርከቦች። የትኬትና የሆቴል ዋጋ ግን ከወጪዎች ሁሉ ቀላሉ ነው። አስቀድሞ ይታወቃል፣ ተጽፎ ይመጣል፣ አንዴ ተከፍሎ ያበቃል። ቤተሰብን የሚያናጋው ከዚያ በኋላ ጠዋት ማታ ከኪስ የሚወጣው ነው፦ የታክሲው፣ የውሃው፣ የአይስክሬሙ፣ የጀልባው፣ የጉርሻው፣ የግብዣው። እኔ በማውቃቸው ቤቶች ይህን ገንዘብ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ጥቂት ነው። የማይቆጠረውም ገንዘብ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወሩ እውነት የመሰሉ አንዳንድ እምነቶች ስላሉ ነው።

«መርከብ ለመሳፈር ሞምባሳ መውረድ ይበቃል»

ሞምባሳ ታላቅ ወደብ ናት፤ ለሽርሽር መርከብ መንገደኞች የተሠራ ተርሚናልም አላት። ሆኖም ወደዚያ የሚመጡት መርከቦች አብዛኞቹ ረጅም ጉዞ ላይ ያሉ ናቸው። ተሳፋሪዎቻቸውን ከሌላ አገር ጭነው ይመጣሉ፣ ለጥቂት ጊዜ አሳርፈው ከተማውንና የዱር አራዊት ፓርክ ያሳያሉ፣ መልሰው ይዘዋቸው ይሄዳሉ። የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች በበረቱበት ዘመን ይህም ቢሆን ክፉኛ ቀንሶ ነበር። ስለዚህ ከናይሮቢ ተነስቶ የመርከብ ሽርሽር የሚፈልግ ቤተሰብ በመጀመሪያ አውሮፕላን ይሳፈራል፤ ወደ ዱባይ፣ ወደ ደርባን፣ ወይም ወደ ሜዲትራኒያን ወደቦች። የዱባይና የደርባን መርከቦች ዋና ወቅት ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ነው።

ይህ ማለት የመርከቡ ዋጋ ገና ሳይነካ የበረራ፣ የቪዛና የአንድ ሌሊት ሆቴል ሂሳብ አለ ማለት ነው። መርከብ ዘገየህ ብሎ ማንንም አይጠብቅምና በመነሻው ዕለት ጠዋት ሳይሆን በዋዜማው መድረስ ግድ ነው። ቪዛውም እንደየፓስፖርቱ ይለያያል። የኬንያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካን ያለ ቪዛ መጎብኘት ይችላል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ቪዛ ያስፈልገዋል። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ፓስፖርቶች ያሉበት ቤተሰብ ናይሮቢ ውስጥ ብዙ ነው። ለአውሮፓ ከሆነ የሸንገን ቪዛ ክፍያ ከጁን 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት ጀምሮ 12 ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ነው። አባት፣ እናትና በዚህ ዕድሜ ያሉ ሁለት ልጆች 270 ዩሮ ይከፍላሉ ማለት ነው፤ የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። መርከቡ ከአገር ወጥቶ ተመልሶ ስለሚገባም ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል።

«አንዴ ከተከፈለ ሁሉም ነገር ተካትቷል»

ከሁሉም ይበልጥ ውድ ዋጋ የሚያስከፍለው ይህ ነው። እውነት አለው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። በትልልቆቹ መርከቦች ላይ የመኝታ ክፍሉ፣ የዋናው ምግብ ቤትና የቡፌው ምግብ፣ ተራ ውሃ፣ ሻይና ቡና፣ የማታው ትርዒት፣ የመዋኛ ገንዳውና የልጆች ማዋያው በአብዛኛው በዋጋው ውስጥ ናቸው። ለስላሳና አልኮል መጠጥ፣ ኢንተርኔት፣ በልዩ ምግብ ቤቶች መመገብ፣ ፎቶግራፍ፣ የልብስ እጥበት፣ የሐኪም ቤት፣ ወደብ ላይ ወርዶ የሚደረገው ጉብኝት ደግሞ ለየብቻ ይከፈላሉ።

ጉርሻውን እንውሰድ። እኛ ጉርሻ የምንሰጠው ደስ ሲለን ነው፤ ለወደድነው አስተናጋጅ፣ የወደድነውን ያህል። በብዙዎቹ መርከቦች ላይ ግን ጉርሻ በየቀኑ በእያንዳንዱ ሰው ስም በራሱ ይመዘገባል፤ በአሜሪካዎቹ ታላላቅ ድርጅቶች ዘንድ በአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ይደርሳል። ልጅም ሰው ተብሎ ይቆጠራል። አምስት ሆኖ ሰባት ሌሊት የሚያሳልፍ ቤተሰብ ለጉርሻ ብቻ ከ560 እስከ 700 ዶላር ይወጣበታል። በ129 ሺሊንግ ሲመነዘር ከ72,000 እስከ 90,000 ሺሊንግ መሆኑ ነው። በመጨረሻው ሌሊት ሂሳቡን አይቶ የሚደነግጠው አባት አልተጭበረበረም፤ ሲፈርም ያላነበበው ነው። ይህ ገንዘብ ክፍል ለሚያጸዱትና ሳህን ለሚያጥቡት የሚሄድ ነውና ሰርዙልኝ ብሎ መከራከር አይመከርም። አስቀድሞ በበጀት መያዝ ነው የሚሻለው።

ሁለተኛው ነገር ካርዱ ነው። መርከብ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የክፍሉን በር የሚከፍት ካርድ ይሰጠዋል፤ የሚገዛውም በዚያው ነው። ከኪሱ ብር ሲወጣ የማያይ ሰው ያወጣ አይመስለውም። ልጅ ደግሞ ከአዋቂ ይብሳል፤ የቪዲዮ ጨዋታ ማሽኖቹ ያንኑ ካርድ ይቀበላሉ። ማድረግ የሚቻለው ቀላል ነው፦ በተሳፈራችሁ ዕለት ወደ እንግዳ መቀበያው ሄዳችሁ የልጆቹ ካርድ በር ብቻ እንዲከፍት፣ ግዢ እንዳይቀበል ጠይቁ። ሂሳባችሁን ደግሞ በየማታው ተመልከቱ፤ በክፍሉ ቴሌቪዥን ወይም በመርከቡ የስልክ መተግበሪያ ይታያል። የባንክ ካርድ ስትሰጡም ድርጅቱ ለዋስትና የተወሰነ ገንዘብ ያግዳል። በዴቢት ካርድ ከሆነ የታገደው ገንዘብ ጉዞው ካለቀ በኋላም ለቀናት ላይለቀቅ ይችላል። ለመልስ መንገድ ያሰባችሁት ገንዘብ እዚያው ካርድ ላይ ካለ ችግር ላይ ትወድቃላችሁ።

የመጠጥ ጥቅል የሚባል ነገርም አለ፤ በቀን የተቆረጠ ዋጋ ከፍሎ ያለ ገደብ መጠጣት። ብዙ ድርጅቶች በአንድ ክፍል ካሉት አዋቂዎች አንዱ ከገዛ ሌላውም እንዲገዛ ያስገድዳሉ። እናት የማትጠጣ፣ አባት በቀን አንድ ቢራ የሚቀምስ ከሆነ መግዛት ኪሳራ ነው። ኢንተርኔት ላይም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ካሉት ዘመዶች ጋር በዋትሳፕና በኢሞ ማውራት የለመደ ቤተሰብ ስልኩን እንደተከፈተ ይዞ ባሕር ላይ ሲገባ በመርከቡ የሞባይል ኔትወርክ እጅግ ውድ ሂሳብ ሊቆጠርበት ይችላል። መርከቡ ሲነሳ ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ ማድረግ፣ ለአንድ ስልክ ብቻ የመርከቡን ዋይፋይ መግዛትና በተራ መጠቀም ብዙ ያድናል።

«ባቡሩ ርካሽ ስለሆነ ሞምባሳ ርካሽ ነው»

ለአብዛኛው ቤተሰብ የመርከቡ ወሬ ወሬ ሆኖ ይቀራል፤ ጉዞው ወደ ሞምባሳ ነው። ማዳራካ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር ሜይ 31 ቀን 2017 ከተመረቀ ወዲህ የናይሮቢ ሰው ከባሕር ጋር ያለው ግንኙነት ተለውጧል። ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ ይሄድበት የነበረው መንገድ በፈጣኑ ባቡር አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሆነ። ዋጋው ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሲጀመር በኢኮኖሚ ክፍል 700 ሺሊንግ ነበር፣ ቀጥሎ 1,000 ሆነ፤ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ወደ 1,500 ከፍ ብሏል። አንደኛ ማዕረጉ ከ3,000 ወደ 4,500 ደርሷል። ከ3 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ ግማሹን ይከፍላል፤ ከዚያ በታች ያለው በነጻ በእናቱ ጭን ይሄዳል።

እናስላው። አባት፣ እናት፣ የ13 ዓመት ልጅ፣ የ8 ዓመት ልጅና ሕፃን በኢኮኖሚ ለደርሶ መልስ 10,500 ሺሊንግ ይከፍላሉ፤ በአንደኛ ማዕረግ 31,500። ልዩነቱ 21,000 ሺሊንግ ነው። እኔ ብጠየቅ ያንን ልዩነት ልጆች ለሚደሰቱበት ለአንድ ሙሉ የጀልባ ቀን አውለው ነበር። ኢኮኖሚው ይጠባል፣ ወንበሮቹ ፊት ለፊት ተጋጥመው ጉልበት ለጉልበት ይነካካሉ፤ ነገር ግን በጻቮ ሜዳ ላይ ዝሆን ሲታይ ከሁለቱም መስኮት እኩል ይታያል።

የሚረሳው የባቡሩ ሁለት ጫፍ ነው። የናይሮቢው ጣቢያ ሲዮኪማው ነው እንጂ መሃል ከተማ አይደለም። የሞምባሳውም ሚሪቲኒ ነው፤ ከመሃል ከተማውም ከባሕሩም ይርቃል። ሻንጣና ሕፃን የያዘ ቤተሰብ በሁለቱም ጫፍ፣ ሲሄድም ሲመለስም፣ ታክሲ ይይዛል፤ አራት ታክሲ ማለት ነው። ናይሮቢ ላይ ከመሃል ከተማው የባቡር ጣቢያ ወደ ሲዮኪማው የሚያገናኝ የከተማ ባቡር ስላለ ሻንጣው ቀለል ያለ ቤተሰብ በዚያ መቆጠብ ይችላል። ሞምባሳ ላይ ግን ባቡሩ እንደደረሰ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መኪና ስለሚጠራ የኡበርና የቦልት ዋጋ ይንራል። ዲያኒ የሚሄድ ደግሞ ገና ደቡብ መሻገር አለበት። የሊኮኒ ጀልባ እግረኛን በነጻ ያሻግራል፤ መኪና ግን ይከፍላል፣ ወረፋም አለው። አሁን በዶንጎ ኩንዱ ማለፊያ መንገድ ወደ ደቡቡ ባሕር ዳርቻ ጀልባ ሳይነኩ መድረስ ይቻላል።

ዲሴምበር ላይ ትኬት ያልያዘ ቤተሰብ የሚደርስበትም ይኸው ነው፤ ባቡሩ ይሞላና በመጨረሻው ሰዓት በአውሮፕላን ወይም ዋጋው በጨመረ አውቶቡስ ይሄዳል። የባቡሩን ርካሽነት ቆጥሮ የወጣ በጀት እዚያው ይፈርሳል። ትኬቱ በስልክ በኮከብ 639 መሰላል ተደውሎ ኤም-ፔሳ በሚባለው የስልክ ገንዘብ ስለሚከፈል ቀኑ እንደተወሰነ ወዲያው መቁረጥ ነው።

ሞምባሳ ደርሶስ? በነጻ የሚገኘው ብዙ ነው። የባሕር ዳርቻው የሕዝብ ነው፤ ማንም ሆቴል አሸዋው ላይ እንዳትሄዱ ሊከለክላችሁ አይችልም። የማማ ንጊና ዳርቻ መናፈሻ መግቢያው በነጻ ነው፤ ልጆች እዚያ ትልልቅ መርከቦች ወደ ወደቡ ሲገቡ በቅርብ ያያሉ። ፖርቱጋሎች በ1593 መሥራት የጀመሩት የፎርት ጂሰስ ምሽግ መግቢያ ይከፈልበታል፤ የሚከፈለው ግን የሚቆጭ አይደለም። አንድ ውድ ቀን ከፈለጋችሁ ከሺሞኒ ተነስቶ በባሕላዊ ጀልባ ወደ ዋሲኒ ደሴትና ወደ ኪሲቴ የባሕር ፓርክ የሚወስደውን ጉዞ ምረጡ። ዶልፊን ይታያል፣ ኮራል ላይ ይዋኛል፣ ደሴቱ ላይ ምሳ ይበላል። ለኔ ይህ ከመርከብ ሽርሽር አያንስም። ስትነጋገሩ ግን የፓርኩ መግቢያ በዋጋው ውስጥ ይሁን አይሁን በግልጽ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው። በባሕሩ ዳር ግመል የሚያስቀምጡ፣ ጀልባ የሚያከራዩ፣ የእንጨት ቅርጽ የሚሸጡ ወጣቶች ሁሉ በድርድር ይሠራሉና ልጁ ግመሉ ላይ ከመውጣቱ በፊት ዋጋ ይቆረጥ።

«ሐበሻ ነን፣ እንደ አገሬው ነው የምንከፍለው»

የፓርክና የሙዚየም ዋጋ በመልክ አይወሰንም፤ በእጅ ባለው ሰነድ ነው። ለዜጋና ለነዋሪ በሺሊንግ የሚከፈል ዋጋ አለ፣ ለውጭ ጎብኚ ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ፣ በፓርኮች በዶላር የተተመነ። ማሳይ ማራ ከ2024 ጀምሮ ነዋሪ ያልሆነን አዋቂ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በቀን 200 ዶላር ያስከፍላል፤ በቀሩት ወራት 100። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች በዚያ የሚገኘው ቅናሽ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት አይሠራም። የኬንያ የነዋሪነት ካርድ ያላችሁ ካርዱን፣ የልጆቹንም የልደት ወይም የተማሪነት ማስረጃ ያዙ። ካርዱን ቤት ረስቶ የሄደ ቤተሰብ በሩ ላይ ያለ አግባብ የጎብኚ ዋጋ ከፍሎ ይገባል፤ ወይም ልጆቹን አስለቅሶ ይመለሳል። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶች አብረዋችሁ ካሉ የእነሱን ሂሳብ በሌላ መስመር ጻፉ።

«ዶላር የያዘ አይቸገርም»

ይህ እምነት ከአገር ቤት አብሮን የመጣ ነው፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ጁላይ 29 ቀን 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 በላይ ሲወጣ ያየ ሰው ዶላርን የማይወድቅ አድርጎ ቢያምን አይፈረድበትም። ኬንያ ውስጥ በዚያው ዓመት የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በጃንዋሪ 2024 አንድ ዶላር 160 ሺሊንግ ገደማ ነበር፤ በዓመቱ አጋማሽ ወደ 129 ወረደ። ለሞምባሳ ብሎ 1,000 ዶላር አስቀምጦ የነበረ ሰው ገንዘቡ ሳይነካ 31,000 ሺሊንግ ጎደለበት። ወጪው በሺሊንግ የሚሆን ከሆነ ቁጠባውም በሺሊንግ ይሁን።

ጥሬ ዶላሩም ቢሆን ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የምንዛሪ ቤቶች አሮጌዎቹን ባለ ትንሽ ምስል ኖቶች አንቀበልም ይላሉ ወይም ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ለባለ 100 ዶላሩ የሚሰጡትን ዋጋ ለባለ 10 እና ለባለ 20 አይሰጡም። ኬንያ ውስጥ ግን በጥሬ ገንዘብ ምን ይሠራል? ከማርች 2007 ጀምሮ አገሪቱ በኤም-ፔሳ ነው የምትገበያየው። ቱክቱኩም፣ ማዳፉ የሚባለውን ኮኮናት የሚሸጠውም፣ የሙዚየሙም በር በስልክ ይቀበላል። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ፓስፖርቱን አሳይቶ ሲም ካርድ ገዝቶ ኤም-ፔሳ መክፈት ይችላል። ለቤተሰብ በጀት ደግሞ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም፦ እያንዳንዱ ክፍያ በመልእክት ተመዝግቦ ይመጣልና ማታ ተቀምጦ መቁጠር ይቻላል። የዕለቱን ገንዘብ ብቻ በአንድ ስልክ ላይ አድርጎ፣ የቀረውን በሌላው ማስቀመጥ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። ከኤጀንት ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ግን ክፍያ አለው፤ በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ማውጣት ክፍያውን ያበዛዋል። በውጭ ባንክ ካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በሺሊንግ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ሺሊንግ በሉ፤ በዶላር ካላችሁ ምንዛሪውን የሚወስነው ማሽኑ ነው፣ እናንተን አይጠቅምም።

ስለ ዕቃም አንድ ነገር፦ ኬንያ ከኦገስት 28 ቀን 2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ከጁን 5 ቀን 2020 ወዲህ በፓርኮችና በባሕር ዳርቻዎች አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ ጠርሙስም ተከልክሏል። ለእያንዳንዱ ልጅ ውሃ የሚሞላ ኮዳ መያዝ ሕግ ማክበርም ገንዘብ ማዳንም ነው።

«ሁሉን ያካተተ ሆቴል ለቤተሰብ ይሻላል»

ለፈረንጅ ቤተሰብ ልክ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን የቀን መቁጠሪያውን አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ይህን ነገር ሰው ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም። በኬንያ ሥርዓት የሚሄዱ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በኤፕሪል፣ በኦገስትና ከኖቬምበር እስከ ዲሴምበር ነው። ኤፕሪል በአብዛኛው ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። ኦገስት ፍልሰታ አለ፤ ነሐሴ 1 ገብቶ እስከ 15 ይጾማል። የዲሴምበሩ ረጅም ዕረፍት ደግሞ በአብዛኛው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው፤ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ። ልጆች የሚያርፉባቸው ሦስቱም ጊዜያት ወላጆች የሚጾሙባቸው ናቸው።

እንግዲህ ዲሴምበር ላይ ሁሉን ያካተተ ሆቴል የያዘ ጾመኛ ቤተሰብ የማይበላውን ዕንቁላል፣ ሥጋና አይብ፣ የማይጠጣውንም መጠጥ ከፍሎ ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ ወጥቶ የጾም ምግብ በራሱ ገንዘብ ይገዛል። ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ኒያሊ ወይም ዲያኒ ላይ ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ መከራየት የሚሻል ይመስለኛል። በባሕር ዳርቻው ምግብ ሠሪ አብሮ የሚገኝባቸው የኪራይ ቤቶችም ብዙ ናቸው። የሞምባሳው የኮንጎዌያ ገበያ አትክልት፣ ፍራፍሬና ጥራጥሬ የሚራገፍበት ትልቅ ገበያ ነው። የባሕር ዳርቻው ሰው ራሱ ባቄላውንም፣ ምባዚ የሚባለውን የእርግብ አተርም በኮኮናት ወተት የሚሠራበት ሙያ አለው፤ ለጾመኛ ከዚህ የሚስማማ የለም። ሽሮና በርበሬ ከቤት ይያዛል። መርከብ ከሆነ ደግሞ የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለው ምግብ አብዛኞቹ ያዘጋጃሉ፤ ነገር ግን ስትመዘገቡ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ከተሳፈራችሁም በኋላ በመጀመሪያው ማታ ለአስተናጋጆቹ አለቃ ደግማችሁ ንገሩ። ሙስሊም ቤተሰቦች ሞምባሳ ላይ ሐላል ፍለጋ አይቸገሩም፤ የረመዳን ወር ግን በየዓመቱ ስለሚዞር ዕረፍቱ ላይ ይወድቅ እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ለእነሱም ያስፈልጋል።

«ልጆች ምን ያወጣሉ?»

የትኬታቸው ዋጋ ግማሽ ነው፤ ፍላጎታቸው ግን ሙሉ ነው፤ ለቅሷቸውም እንዲሁ። መርከብ ላይ ልጅ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ሲተኛ የቅናሽ ዋጋ ያገኛል፤ የወደብ ግብርና ጉርሻ ግን ብዙ ጊዜ አይቀነስለትም። ሞምባሳ ላይ ደግሞ መዋኛው፣ ግመሉ፣ አይስክሬሙና መጫወቻው አለ። ጥሩ ሆኖ ያገኘሁት መፍትሔ ለትልልቆቹ ልጆች የራሳቸውን ገንዘብ ለመላው ጉዞ አንድ ጊዜ መስጠትና ካለቀ አለቀ ማለት ነው። የ10 ዓመት ልጅ ግመል ላይ መውጣትና አይስክሬም መብላት አንዱን እንዲመርጥ ሲደረግ አይጎዳም። ከሐኪምም ጋር የተያያዘ ነገር አለ፤ የባሕር ዳርቻው ከናይሮቢ በተለየ የወባ አካባቢ ነው። የመከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክሮ መግዛት፣ አጎበር መኖሩን ማረጋገጥና ለድንገተኛ ሕክምና የማይነካ ገንዘብ መያዝ የበጀቱ አካል ናቸው።

«ከጎደለ ፉሊዛ አለ»

ፉሊዛ ከ2019 ጀምሮ ኤም-ፔሳ ላይ ያለ ብድር ነው፤ ሂሳቡ ባዶ ሲሆን ክፍያው እንዲያልፍ ያደርጋል። ለአስቸኳይ ነገር ይጠቅማል። ለሽርሽር ግን አደገኛ ነው፤ ክፍያው በየቀኑ ይቆጠራል፣ ስልኩ ላይ የሚገባው ማንኛውም ገንዘብ ቀድሞ ለዕዳው ይቆረጣል። ከዲሴምበር ዕረፍት የሚመለስ ቤተሰብ የሚጠብቀውን ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ጃንዋሪ የአዲሱ የትምህርት ዓመት መጀመሪያ ነው፤ የተርሙ ክፍያ፣ ዩኒፎርሙ፣ መጽሐፉ። ጃንዋሪ 7 ገናም አለ። በዚያው ወር ዕዳ ይዞ መግባት ልጆቹን ከክፍል የሚያስመልስ ነገር ነው፤ ሲሆንም አይቻለሁ።

የተሻለው መንገድ እጃችን ላይ ያለ ነው። አሥር ቤተሰቦች በወር አሥር አሥር ሺህ ሺሊንግ የሚጥሉበት ዕቁብ ለአንዱ 100,000 ሺሊንግ ያወጣል። ሰብሳቢውን አነጋግሮ፣ ከሌላ ሰው ጋር ዕጣ ተለዋውጦ፣ ኖቬምበር ላይ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ኬንያውያን ጎረቤቶቻችንም ቻማ በሚሉት የቁጠባ ማኅበራቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

«ለመዝናናት ሄዶ ገንዘብ መቁጠር ቋጣሪነት ነው»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህ ነው፤ የቀሩትንም የሚያቆማቸው እሱ ይመስለኛል። ገንዘብ የቆጠረ አባት ተጨነቀ ይባላል። እናት ዋጋ ብትጠይቅ «ዛሬስ ተይው» ትባላለች። ባሕር ዳር ሌላ የሐበሻ ቤተሰብ ካጋጠመም ሂሳብ ሲመጣ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» ይጀመራል፤ ያሸነፈው የሁለት ቤተሰብ ምሳ ይከፍላል። ይህ ባህላችን ነው፤ ይቅር አልልም። ነገር ግን ግብዣ እንደሚኖር እያወቅን ለምን በጀቱ ላይ አንጽፈውም? አንድ መስመር «ግብዣ» ብሎ ማስቀመጥ ነው። ለአዲስ አበባ ዘመዶች የሚገዛው ስጦታም እንዲሁ አንድ መስመር ይገባዋል።

ብዙ ቤት ውስጥ የጉዞውን ገንዘብ የሚያውቀው አባት ብቻ ነው። ሚስት በግምት ትገዛለች፣ ልጆች ያለ ግምት ይጠይቃሉ፣ እሱ ለብቻው ፊቱ እየጠቆረ ይሄዳል። ለአምስት ቀን 30,000 ሺሊንግ የኪስ ገንዘብ የያዘ ቤተሰብ በቀን 6,000 አለው፤ ይህን ቁጥር ልጆቹም ካወቁት ጥያቄው ይለወጣል። «ግዛልኝ» የሚለው «ይበቃናል?» ይሆናል። ገንዘቡን የደበቀ አባት ቤተሰቡን ከጭንቀት የጠበቀ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ጭንቀቱን ለብቻው ተሸክሞ የሁሉንም ዕረፍት ማበላሸቱ ነው።

ስለዚህ የዲሴምበሩን ጉዞ የምታስቡ ሁሉ፣ የባቡሩን ኮድ ከመምታታችሁ ወይም ለመርከብ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። የጃንዋሪውን የትምህርት ቤት ክፍያ ለይታችሁ በማትነኩት ቦታ አስቀምጡ። ቀጥሎ ከትኬቱ በኋላ የሚወጣውን ከባለቤታችሁና ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሁለቱን ካሟላችሁ በኋላ የሚተርፈው ገንዘብ ዲያኒ ካላደረሰ ዘንድሮ ሞምባሳ ይበቃል፤ ሞምባሳም ካላደረሰ ለሚመጣው ኦገስት ዛሬውኑ ዕቁብ ግቡ።